አንድ ቀጥ ያለ መልስ ፍለጋ

ውድ እታለም፣

በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሆነሽ "ቶሎ በይ፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል" ትይኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። አንብበሽ ሳትጨርሺ ግን እንዳትደውይ።

አርግዤ ነበር። "ነበር" የምትለዋን ስታዪ ልብሽ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ትራስ ተደግፌ፣ ሻይ አጠገቤ አስቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

እንዳወቅሁ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ይህን ማንም እንዲክድብኝ አልፈልግም። ባለቤቴ ከብየዳ ሥራው ሲመለስ በር ላይ ነገርኩት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ቆሞ ቀረ። "እውነትሽን ነው?" ይለኛል ደጋግሞ፣ እንደ ሞኝ እየሳቀ። እራት በልተን ኪኒኔን ልውጥ ውሃ ስቀዳ ግን እጄ ቀጥ አለ። ይሄ የሚጥል በሽታዬ መድኃኒት ሆዴ ውስጥ ያለውን ምን ያደርገዋል?

ማወቅ የፈለግሁት እሱን ነበር፤ የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ምን ምርጫ እንዳለኝ። በዚህ ሁሉ ክሊኒክና ፋርማሲ መካከል ይህን የሚመልስ ሰው ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም።

ከምሠራበት መጋረጃ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቱ የኪኒኑን ካርቶን አገላብጦ "ለማን ነው?" አለኝ።

"ለእኔ። አርግዣለሁ።"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰውየው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "ለማስወረድ ከሆነ ሰው ሲቀንስ ብቅ በይ፣ የሚሆን ነገር አለ" አለኝ።

"ማስወረድ መቼ አልኩ? ይሄ ኪኒን እርጉዝን ይጎዳል ወይ ነው ያልኩህ።"

"እሱን ሐኪምሽን ጠይቂያ!"

ሐኪሜን! መድኃኒቱን ያዘዘልኝ ሐኪም ሥራ ለቆ ሄዷል። የምታከምበት ሆስፒታል ነርቭ ክፍል ስሄድ "እርጉዝ ከሆንሽ እናቶች ክፍል ነሽ" አሉኝ። እናቶች ክፍል ደግሞ "የሚጥል በሽታ የእኛ አይደለም፣ ነርቭ ክፍል ተመለሺ" አሉኝ። ኮሪደሩን ስመላለስበት ዋልኩ። አንዷ ጸሐፊማ ፊቴን እንኳ ሳታይ "ምነው ሳታረግዢ በፊት ብታስቢበት" አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ያገኘሁት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ እሱም አይጻፍም።

ከዚያ ወደ ስልክ ዞርን። ባለቤቴ እየፈለገ ያነብልኛል፤ አንዱ "ምንም አይልም" ይላል፣ ሌላው "ልጁ በሙሉ ጤና አይወለድም" ይላል፣ ሦስተኛው "ኪኒኑን ዛሬውኑ ጣዪው" ይላል። እታለም፣ አትቆጪኝ፤ ጣልኩት። ሳይቆይ ሱቅ ውስጥ፣ የሰው መጋረጃ እየዘመዘምኩ፣ ማሽኑ ላይ ወደቅሁ። መርፌው አውራ ጣቴን በስቶት ነበር። ስነቃ ባለሱቋ ታለቅሳለች፣ ደንበኞች ከበውኛል፣ አንዱ እጄን፣ አንዱ እግሬን ጨምድዶ ይዞኛል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ የወደቅሁ ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁሉም ሲጮህ አንቺ ቦርሳሽን ጭንቅላቴ ሥር አድርገሽ፣ በጎኔ አስተኝተሽ፣ "ዞር በሉላት! አትያዟት!" ያልሽው። ማን እንዳስተማረሽ ጠይቄሽ አላውቅም። ያን ቀን ግን በጣም ፈለግሁሽ።

ኪኒኑን መልሼ ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን "ለነፍሰ ጡሮች ነፃ ምክር" የሚል ትልቅ ሰሌዳ አይቼ ገባሁ። ሶፋው ለስላሳ፣ ሴትየዋ ለስላሳ፣ "የኔ ቆንጆ" እያለች ታቅፈኛለች። በመጨረሻ ሰው አገኘሁ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ስለ መድኃኒቱ ስጠይቃት "አታስቢ፣ ሁሉም ለበጎ ነው" አለችኝ። ምርጫዬን ስጠይቃት ፊቷ ተለወጠ። "ካስወረድሽ ዳግመኛ አትወልጂም። ካንሰርም ይከተልሻል" ብላ በእርግጠኝነት ነገረችኝ። አልትራሳውንድ በነፃ እናነሳሻለን አለች፤ በሄድኩ ቁጥር ግን ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የማቋረጫው ጊዜ እስኪያልፍብኝ እየጠበቁ ነበር። ባለቤቴ ሲሰማ "እኔ ያልበየድኩትን በር በይጃለሁ ብዬ ባስረክብ ይከሱኛል። እነሱን ማን ይጠይቃቸዋል?" አለ። እሱ ሲናደድ አይተሽው አታውቂም፤ እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

መልሱ የተገኘውም በእሱ ነው። አንድ ሆስፒታል የጓሮ በር ሊያስጠግን ጠርቶት ሄደ። ሲሠራ ሴቶች ጓሮ ወዳለች አንዲት ክፍል ሲገቡ አየ፤ በሯ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተቀዷል። አንዲት ነርስ ብቅ ስትል፣ የብየዳ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ "እህቴ፣ ሚስቴ አርግዛለች፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስዳለች። እዚህ እውነቱን የሚነግረን ሰው አለ?" አላት። ነርሷ ሳቀች። "ለእሱማ ነው ያለነው፤ ይዘሃት ና" አለችው። እንዲህ ያለ ክፍል አለ፤ ያለበትን ግን የሚናገር የለም።

አብረን ስንሄድ የክፍሏ ሐኪም መድኃኒቴን አየች፣ አልትራሳውንድ አነሳችኝ፣ ነርቭ ክፍል ራሷ ደውላ ተነጋገረች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኛ አዙራ እንዲህ አለች፦ "ይሄኛው መድኃኒት በፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ ያንቺ ላይ ይድረስ አይድረስ አሁን አልትራሳውንድ ሊነግረን አይችልም። በራስሽ ማቆም ግን አንቺንም ፅንሱንም ያሰጋል። ከፈለግሽ በቅርብ ክትትል እርግዝናው ይቀጥላል። ወልዶ ለማደጎ መስጠትም አለ። ማቋረጥ ከፈለግሽም እዚሁ፣ በሕግና በሐኪም እጅ ይሆናል።"

"ዳግመኛ አልወልድም?" አልኳት።

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ? በአግባቡ ከተሠራ አይከለክልሽም።"

አለቀስኩ። ባለቤቴም አቀርቅሮ ጓንቱን ሲያፍተለትል ነበር። አሁንም የሚያንገበግበኝ የነገረችን ነገር ክብደት አይደለም፤ አንድ ሻይ ተጠጥቶ በሚያልቅበት ጊዜ ውስጥ መነገሩ ነው። ያ ሁሉ መንከራተት ለዚች ነበር! መድኃኒቱ ሲታዘዝልኝ አንድ ሰው "ልጅ ስትፈልጊ አስቀድመሽ ንገሪን፣ እንቀይረዋለን" ቢለኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር።

ቤት ገብተን ብዙ ተነጋገርን። እሱ "የምትወስኚውን እሸከማለሁ፤ አንቺን ማጣት ግን አልችልም" አለኝ። ወሰንኩ። አቋረጥኩት። አመመኝ፣ ግን ከፈራሁት ያነሰ ነበር። የልቤን እንጃ። አንዳንድ ጧት እፎይ እላለሁ፣ አንዳንድ ጧት ደግሞ መጋረጃ ቆርጬ ሳልሰፋው እቀመጣለሁ። ወደ አዲስ መድኃኒት ቀስ በቀስ እየቀየሩልኝ ነው። ሲረጋጋልኝ እንደገና እንሞክራለን።

አክስት ለመሆን ምን ያህል እንደጓጓሽ አውቃለሁ። ስልኩን ከባድ ያደረገብኝም እሱ ነው። ብትቆጪ ተቆጪ፣ ብታለቅሺም አልቅሺ፤ አልሸሽሽም። ሰዎች ያሉትን፣ ቄሱ የሚለውን፣ ጎረቤት የሚያወራውን ግን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ። ስትደውዪ መጀመሪያ "እንዴት ነሽ?" በዪኝ። ከዚያች ሐኪም በቀር ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም።

ስልኩን አጠገቤ አድርጌ የምጠብቅሽ፣
ታናሽሽ