በአውራ ጣቴ ስር የነበረው ቁልፍ

ደምሴ፣

ፊደል ያስቆጠረችኝ የቸርች እህት ደብዳቤ «ውድ» ተብሎ ይጀመራል ብላ አስተምራኛለች። መጻፉን እችልበታለሁ። አልጻፍኩልህም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ በረዶው ገብቶ ወጣ፣ ሣሩ አድጎ ታጨደ፣ የእኔ ንዴት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኛል። ጽናቱስ አላነሰኝም። ያጣሁት ፊት ለፊት ቆሜ የምቆጣው ሰው ነው።

ይህ ሞተር ይገድልሃል እያልኩ ስንቱን በጋ ጮህኩ። አንተ ግን ሶፋ ላይ ጫማህን ሳታወልቅ እንደተኛህ በልብህ ሞትክ። እልኸኛ መሆንህን አውቅ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ግን አልጠበቅሁም።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ወንበርህ ወደ ቤዝመንት ወርዷል። ነገ እጠግነዋለሁ እያልክ ስታንጠባጥበው የኖርከው የወጥ ቤት ቧንቧ ተሠርቷል፤ ሠራተኛው ኮቱን ሳያወልቅ ጨርሶት ሄደ። ልጅህ ናትናኤል በየቅዳሜው ከፕሊማውዝ ይመጣል፤ በረዶ ሲጥል ይጠርጋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያገኘውን ይበላል፣ ከዚያ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ያንን ሞተር እያየ በረጅሙ ይተነፍሳል። «ማሚ፣ ሴል እናድርገው፣ ይሸጥ፣ ሙሉ ጋራዡን እኮ ይዞታል» ይለኛል። ቱሉ ደግሞ በበኩሉ ይደውላል። ያ ከአንተ ጋር ፎርት ስኔሊንግ በኩል ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ ኋላ ትልቁን የጭነት መኪና የያዘው ቱሉ። «የጋሽ ደምሴ ሞተር ለማንም ባዕድ እንዳይሄድ፣ የምወስደው እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱንም ቆዩ አልኳቸው። ለሞተሩ ሳስቼ አይደለም። እርሱ ላይ የቀረ አንድ ጉዳይ ነበረኝ፤ እርሱን ሳላውቅ ከቤቴ እንዲወጣ አልፈለግሁም።

እቤት ውስጥ ስንት ቃል ታወጣ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። «በሩ ተቆልፏል?» «ልጁ ገባ?» ከዚያ ቴሌቪዥን። የጎረቤት ሴቶች «ባልሽ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም» ሲሉኝ፣ ለአንድ ሳምንት ወስዳችሁ ሞክሩት ልላቸው ይቃጣኝ ነበር። በዚህ ላይ ጡረታ ስትወጣ ከልጅህ በዕድሜ የሚበልጥ ሞተር ገዝተህ መጣህ፤ እንደ ላም የሰፋ፣ በጎንና በጎኑ ሣጥን ያለው፣ ከኋላ ለእኔ መደገፊያ የተሠራለት። ሰው ምን ይላል ብዬ ለመንኩህ። «ትወጪያለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?» አልከኝ። ወጣሁ። ጎረቤት እያየኝ፣ ሻርፔን በሄልሜት ስር አስሬ።

ከዚያ ራዲዮውን አመጣህ። ቱሉ ከአሮጌ መኪናው የነቀለው ሲቢ ራዲዮ፣ ሾፌሮቹ መንገድ ላይ እርስ በርስ የሚጠራሩበት። ከእርሱ ጋር ኢንተርኮም ገዛህ፤ በሄልሜታችን ውስጥ ተገጥሞ አንተ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን የምንነጋገርበት። ሠላሳ ዓመት በአንድ ገበታ ተቀምጠን ያልተነጋገርን ሰዎች በሽቦ ልንነጋገር!

የፊት ሽፋኑን ፈትተህ ብሎኖቹን በደህናው ሳህኔ ላይ ደረደርክ። ሽቦውን ከባትሪው አውጥተህ በፊውዝ አሳለፍክ፤ በወንበሩ ስር ስበህ ወደ እኔ በኩል አመጣህ። አንቴናውን ከጀርባዬ ተከልከው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ ልምጭ ከአናቴ በላይ ይወዛወዝ ነበር። መጀመሪያ የሞከርነው ቀን ሞተሩ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ፤ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ይብስበታል። ሽቦውን ከሞተሩ አርቀህ እንደገና አሰርከው፣ ጠፋ። እጅህ ቀና እንደነበር አልክድም። የራዲዮው ጫጫታ ራሴን ሲያመኝም በእኔ በኩል እንዳይገባ አደረግክልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ ውስጥ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።

በመጨረሻ ከክንድ ማሳረፊያዬ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር የመናገሪያ ቁልፍ ገጠምክ፤ ልክ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ላይ። መነጽርህን አድርገህ የመመሪያውን መጽሐፍ እያገላበጥክ፣ «ልታናግሪኝ ስትፈልጊ ይህችን ተጫኚ፣ ስትጨርሺ ልቀቂ» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ከሁለታችን ማንበብ የሚችለው አንተ አልነበርክ?

በዚያ በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ከአፕል ቫሊ ወጥተን የደቡቡን መንገድ እንይዝ ነበር። እኔም ቁልፌን ተጭኜ መንገዱን ሁሉ እጠይቅሃለሁ። ይሄ ምን ይላል? ያኛውስ? ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር። ፊቴ በሄልሜት ተሸፍኗል፤ በዚያ ሜዳ ላይ አማርኛዬን ማን ይሰማል ብዬ ነበር። አንተም ትመልስልኝ ነበር! «ፋሪቦ ይላል፣ የከተማ ስም ነው።» «መሬት ይሸጣል ይላል።» «ጥርስ ሐኪም ነው፣ ለአንቺ አይሆንም፣ ጥርስሽ ጤነኛ ነው።» ቀልድ ከአንተ አፍ ሲወጣ ከአንድ ጊዜ በላይ ዞሬ ማን ነው የተናገረው ልል ነበር። ሁልጊዜ ግን ቁልፉን በለቀቅሁ በጥቂት ቆይታ ብቻህን ትስቃለህ። ምን ያስቅሃል ስልህ ምንም ትላለህ። በእኔ አለማወቅ የምትስቅ መስሎኝ አንጀቴ ይበግን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩህ። ቸርች ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ እንደምቀመጥ፣ ከጎኔ ያለችው ሴት ስትገልጥ እንደምገልጥ፣ ዘቅዝቄ ይዤው እንዳይሆን እየሰጋሁ ሽፋኑ ላይ ያለችውን መስቀል በጣቴ እንደምዳብስ፣ ፓስተሩ አንድ ቀን ተነሽና አንብቢልን ያለኝ ለታ ከዚያ ቤት እግሬ እንደሚቀር። ወዲያው ካገኘኸው ነዳጅ ማደያ ገባህ፣ አስወረድከኝ፣ ወንበሩን አንስተህ በሰንጢህ ስትጎረጉር ቆየህ። ምን ሆነ አልኩህ። «ፊውዝ ነው» አልከኝ። መልሰን ወጣን። እኔም እንደ ልማዴ ቁልፌን እየተጫንኩ ማውራቴን ቀጠልኩ፤ አንተ ከዚያ በኋላ ሳቅህ ጠፋ።

በዚያው ሳምንት የፊደል ገበታ ፍሪጁ ላይ ለጥፈህ ሄድክ። እንዳላየሁ አለፍኩት። አንተ ስትወጣ ግን ፊት ለፊቱ እቆም ነበር፤ ለእልህ። ከዚያ ያቺን እህት በየሳምንቱ ረቡዕ ማግኘት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሙሉ ገጽ አንብቤብህ አፍህን ላስይዝህ እየተዘጋጀሁ ነበር። ያንንም ሳትጠብቅ ሄድክ።

አሁን ወደ ለቅሶህ ልምጣ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። መቼም ሐዘንተኛን ለማስረሳት የሟችን ጨዋታ ማንሳት ወግ ነው፤ ቱሉም አጠገቤ ተቀምጦ፣ እንደ እናቱ አገር ወግ እናቴ ለማለት አዴ እያለ ጀመረልኝ። «አዴ ወርቄ፣ የዚያን በጋ እኮ ቅዳሜ እርስዎን ሳንሰማ አንውልም ነበር። ይሄ ምን ይላል ሲሉ እኛ መኪናችን ውስጥ ሆነን እየተሻማን እናነብልዎ ነበር። እኔ አንዴ ‹ሚስቱን በሞተር ያዞረ ይቀጣል ይላል› ብዬ አነበብኩልዎ፣ ጋሽ ደምሴ በሳቅ ከመንገድ ሊወጣ!» የሰሙት ሳቁ። እኔ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የት ሆናችሁ ነው የሰማችሁኝ አልኩት። የማውቅ መስሎት ነበርና ፊቱ ተለዋወጠ።

ቀስ ብዬ አወጣጣሁት። ኢንተርኮሙ ቁልፍ አያስፈልገውም ኖሯል፤ ድምፅ ሲሰማ በራሱ ይከፈታል። አንተ አንባቢው የገጠምክልኝ ቁልፍ የራዲዮው ነው። በተጫንኩት ቁጥር አንተም ትሰማኛለህ፣ በአካባቢው የሚያልፈው ያገሬ ሾፌር ሁሉ ይሰማኛል። ማንበብ አለመቻሌን ሀገር ያውቀዋል፤ ማወቃቸውን የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያቺን የቸርቹንስ አልኩት። ቱሉ አቀረቀረ። «በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ለእያንዳንዳችን ደውሎ እንዳትተነፍሱ ብሎ አስምሎናል» አለኝ።

ስማኝ ደምሴ። ከሥራ ቦታህ ለእኔ ለአንድ ደቂቃ ደውለህ የማታውቅ ሰው ለእነዚያ ሁሉ ወንዶች በየተራ ደወልክ። ለእነርሱ የሚሆን ቃል ነበረህ። ለእኔ ግን «ወርቅነሽ፣ ተሳስቼ ገጥሜዋለሁ» የምትል አንዲት ቃል አልተገኘችም! አንተ እንደሆንክ ስህተትህን ከምትናገር አጥንትህን ብትሰብር ትመርጣለህ። ከዚያ በኋላ ማንም በሐዘኔታ ሲያየኝ፣ ይህም ሰምቷል እላለሁ። እንዲህ አድርገህ ነው ትተኸኝ የሄድክ።

ያልጨረስኩት ጉዳይ ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ከነዳጅ ማደያው ቀን በኋላም ብዙ ቅዳሜ ወጥተናል። የመጨረሻውን ታስታውሳለህ፤ ወንዙን ይዘን ወደ ሬድ ዊንግ ስንሄድ፣ ስም ሳናወጣላት ስለቀበርናት የመጀመሪያ ልጃችን የነገርኩህን። ምን እንዳልኩህ እዚህም አልጽፈውም። በቤታችን ስሟ አይነሳ፣ ስምም የላት። እኔ ያንን ቁልፍ ተጭኜ፣ ጀርባህን እያየሁ፣ ሁሉንም ነገርኩህ። ለቅሶው ላይ ያንን ሳስታውስ እንደገና ወደ ቱሉ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ያወራሁትንም ሰምታችኋል አልኩት። ቱሉ «ኧረ የለም አዴ፣ ከቸርቹ ወሬ ወዲህ ድምፅዎ ጠፍቶብን ነበር» አለ። ግን አንዴ አንተ ያስማልከውን ሰው እንዴት ልመነው? ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት በዚህ ነው። ሞተሩን ያልሰጠሁትም በዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ናትናኤልን የሞተሩን ወንበር ፍታልኝ አልኩት። ከቁልፌ ጀምሮ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ሄደ። «ማሚ፣ ይሄ እኮ ኮኔክትድ አይደለም። ሳምባዲ ቆርጦታል» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሰንጢ ነው የተቆረጠው፤ ጫፍና ጫፉ በዚያ ሁሉን ነገር በምታስርበት ቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ መጨረሻውን በጥርስህ ስለምትበጥሰው እንደ ሁልጊዜው ተቦጫጭቋል። ፊውዝ ነው ያልከኝ ይህ ነበር። ልጃችንን የሰማ ሌላ ሰው የለም። እኔ ያን ሁሉ ቅዳሜ ምንም የማይሠራ ቁልፍ እየተጫንኩ ለአንተ ብቻ ስናገር ነበር።

አመስግኝ እንዳትለኝ። ሽቦ ከመቁረጥ አንድ ቃል መናገር ይቀል ነበር። ከዚያ ወዲያ ሳያስፈልገኝ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ስጫን ከፊቴ ተቀምጠህ ታውቅ ነበር፤ ተይው አላልከኝም።

አንድ ነገር ግን ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ትዝ አለኝ። የዚያን ዕለት በወንዙ ዳር ነግሬህ ስጨርስ አልመለስክልኝም። ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ የአንተ በኩል ቀጭ እያለ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሬድ ዊንግ እስክንደርስ እንዲሁ ነበር። ስንወርድ ምንድን ነው ብዬህ፣ «ነፋስ ነው» ብለህ ሄልሜትህን ሳታወልቅ ቆየህ። ኢንተርኮሙ ድምፅ ካልሰማ እንደማይከፈት ያኔ አላውቅም ነበር። ደምሴ፣ የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ወንዙ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ያንን ብቻህን የምታለቅሰው ለምንድን ነው? እኔ ከጀርባህ አልነበርኩም?

ሞተሩን አልሸጥም። ለቱሉም አልሰጥም። ናትናኤልን ሽቦውን መልሰህ ቀጥልልኝ አልኩት፤ ባትሪውንም ቻርጅ አድርጎልኛል። ቅዳሜ ሙት ዓመትህ ነው። እነቱሉ በጠዋት መኪናቸውን ይዘው በእኛ ሰፈር በኩል ያልፋሉ፤ ራዲዮውን ክፈቱ ብያቸዋለሁ። ጋራዡን እከፍታለሁ፣ ያ መደገፊያ ላይ እወጣለሁ፣ አውቄ እጫነውና ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። ማንበብ የማትችለውን ሴት ሰምተዋል፤ እንግዲህ የምትችለውን ይስሟት። ጨዋ ነው፣ ዝምተኛ ነው ሲሉህ የኖሩትም ዝምታህ ምን እንደነበረ ይወቁልኝ።

ጨርሼ ቁልፉን ስለቅ እነርሱ ይመልሱልኛል። አንተ እንደማትመልስ አውቃለሁ። ቢሆንም ሄልሜቱን ወዲያው አላወልቀውም።

አልረሳህም። ይቅር ማለቴ ነው ብለህ ግን እንዳትወስደው። የምረሳ ሴት ብሆን ኖሮ ገና ድሮ፣ እቤት ውስጥ ሳለህ በረሳሁህ።

ሚስትህ ወርቅነሽ፣
በገዛ እጇ።