የባለቤቴን ሳል ስለሚያካክሰው ደን

ለተከበሩ የጭስ ልቀት ግብይት መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለሳንባዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ከሲሚንቶ ፋብሪካው አጥር ሥር ልብስ ስሰፋ ያረጀሁ፣ ጎረቤት «ጠጋኙ» የሚለኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ አስም አለባት፤ ሐኪሟም የፋብሪካው የከሰል ምድጃ ካልተቀየረ መድኃኒት ብቻውን እንደማያዛልቃት ነግሮናል። ምድጃው ዘንድሮ ይቀየራል ተብሎ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ግን ፋብሪካው ከሩቅ ደን «ማካካሻ» ስለገዛ በአሮጌው እንዲቀጥል ፈቀደለት። ስለዚህ ደክሞኝም ቢሆን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ደኑ እዚያ ስለቆመልን የእኛ ጭስ እንዳልጨሰ እንደሚቆጠር ባለሙያዎ አስረድተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ልሞክረው ብዬ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ እንደተቀደደ መለስኩለትና፣ የሌላ ሰፈር ሰው ሱሪ ስለጠገንኩ ያንተም እንደተሰፋ ይቆጠራል አልኩት። እንደ ክቡርነትዎ የተማረ ባለመሆኑ ሊማታ ተነሣ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያሉት አባቶቻችን መሥሪያ ቤትዎን ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

2ኛ. እንደ አጋጣሚ ደኑ ከባለቤቴ ወንድም መንደር አጠገብ ነው። ምንጫቸው ከሥሩ ስለሚፈልቅ ያንን ደን ማንም ቆርጦት አያውቅም። መዝጋቢዎችዎ ግን ሊቆረጥ ያልታሰበ ደን ማካካሻ እንደማያሰጥ ስለነገሯቸው፣ መንደርተኛው እንግዳ ላለማሳፈር መጥረቢያ ተዋውሶ ደኑ ዳር ተሰለፈ። የባለቤቴ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነውና መጥረቢያውን እንደ መቀስ ይዞ ፎቶ ተነሣ። ደኑን ከእንዲህ ያለ ጨካኝ ስላዳናችሁልን እናመሰግናለን።

3ኛ. አየር ወዳለበት ውሰዳት ስባል፣ በእሷ ሳንባ የተገዛውን አየር እዚያው ትተንፍሰው ብዬ ወንድሟ ዘንድ ላክኋት። ወይ ደስታ! በስልክ ሳታስል ስታወራኝ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በበጋው ግን እሳት ተነሥቶ ደኑ ነደደ፤ እሷም ከበፊቱ ብሶባት ተመለሰችልኝ። ይህንኑ ላመለክት ብመጣ፣ ደኑ አመድ ቢሆንም የፋብሪካው ፈቃድ እንዳልተቃጠለ ባለሙያዎ በፈገግታ ገለጹልኝ። ለፈገግታውም አመሰግናለሁ፤ እኔ ፈገግታዬ ካለቀ ቆይቷል።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ምድጃው ይቀየርልን። ሚስቴ እንድትሞትብኝ አልፈልግም።

የማይገባኝን ሁሉ ስላስረዱኝ ዘወትር የማልረሳዎት፣ መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ የደፈነው፣
ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ሳሉ ፋታ ሲሰጣት አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። ሌላ ቦታ ያለ ጤነኛ ሰው በደንብ ከተነፈሰ፣ እሷም እንደተነፈሰች ይቆጠርላታል ወይ? የሚቆጠር ከሆነ፣ ክቡርነትዎ የሚኖሩት ጭሱ በማይደርስበት ኮረብታ ላይ ነው አሉና፣ ዛሬ ሲተኙ እባክዎ ለእሷም ጨምረው ይተንፍሱላት።