መጋዘኑን ኖራ ሊቀቡት ነበር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ ያ ሳል እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ግን ወጉ እንዳይቀር ብዬ ነው እንጂ፣ እኔስ ሰሞኑን በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ። የስፌት መኪናዬ እንኳ ንዴቴን አውቆ ክር መበጠስ ጀምሯል።

መጀመሪያ አንተን ልቆጣህ። የላክሃት ሁለት መስመር ደርሳኛለች። አንድ ሠዓሊ ጓደኛህ በእኔ እጅ የተጻፈ የጥሪ ወረቀት እንዳሳየህ፣ መንደራችን በሜዳው ላይ የሥዕል በዓል ሊያዘጋጅ መሆኑን ከባዕድ አፍ እንደሰማህ ነግረህ፣ ለአገር ምድሩ ስጽፍ አንተን ለምን እንደዘለልኩህ ጠይቀኸኛል። ሰላምታ እንኳ የላትም! እኔ አንተን ልዘል? ይህን አስበህ እንቅልፍ ከወሰደህ ታድለሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሚቴው ጽሕፈቷ ያምራል ብሎ ጸሐፊ አድርጎኛል። ሊቀመንበራችን ያ ኳስ ስትጫወቱ ዳኛ ካልሆንኩ እያለ ያስቸግራችሁ የነበረው ልጅ ነው። ዛሬ መድኃኒት ቤት ከፍቷል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ስሙኝማ ስለሚል ስሙ ስሙኝማ ሆኖ ቀርቷል። ሠዓሊዎች ከየከተማው ይጠሩ፣ ሥዕላቸውን በዛፎቹ መካከል በሚወጠር ገመድ ላይና በየግድግዳው ይስቀሉ፣ ሰውም እየተዘዋወረ ይመልከት ተባለ። ደስ አለኝ። ማን ይጠራ ሲባል አፌ ላይ የመጣው ያንተ ስም ነው። ስሙኝማ ሳቀብኝ። የቤት ልጅ በጥሪ ወረቀት ይመጣል እንዴ፣ ሠርግሽ ቢሆን ለገዛ ወንድምሽ ካርድ ልትልኪ ነው ወይ፣ ብንጠራው እንደ ባዕድ ቆጠሩኝ ብሎ አይቀየምም ወይ አለኝ። ሁሉም እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። ተከራክሬ ተሸነፍኩ። በል ግድ የለም፣ እኔ ራሴ በተለየ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ ብዬ ሳለሁ ያንተ ቁጣ ቀደመችኝ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ባለፈው ስብሰባ ላይ ስሙኝማ ተነሥቶ፣ ለእንግዶቹ ሥዕል መስቀያ ረጅምና ንጹሕ ግድግዳ ያስፈልጋል፣ የእህል መጋዘኑ ወደ ሜዳው የዞረው ግድግዳ ኖራ ይቀባ አይል መሰለህ! የቱ እንደሆነ ገብቶሃል። አንተ እማዬን የሣልክበት። ደጅ የተሰቀለ ሥዕል ለማሳየት ሰው ከየአገሩ ይጠራሉ፣ ደጃቸው ላይ ያለውን በኖራ ያጠፋሉ! ተነሥቼ ጮኽኩ። እማዬ በሕይወቷ ፎቶ ተነሥታ እንደማታውቅ፣ ከዚያ ግድግዳ ሌላ መልኳ የትም እንደሌለ ነገርኳቸው። ስሙኝማ ልስልስ ባለ ድምፅ፣ እንግዳ ሲመጣ የቤት ሰው ተነሥቶ ወንበሩን ይለቃል፣ ወንድምሽ የእኛው ነው፣ ሲመጣ ሌላ ይሥልልናል አለኝ። ሌላ! እናት የምትተካ ይመስል። በጥፊ ልለው እጄን በላኝ።

ቀቢዎቹ በመጡ ቀን ጠዋት የስፌት መኪናዬን ጎረቤቶቼን አሸክሜ ሄድኩና ጀርባዬን ለእማዬ ሰጥቼ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ሰፍቼ የማስረክበው የተማሪ ቤት ዩኒፎርም ነበረብኝ፤ እዚያው መስፋት ጀመርኩ። ሰዎቹ ከዳር ተነሥተው እየቀቡ መጡ። ስሙኝማ በላዬ ላይ ቆሞ፣ እህቴ ተነሺ፣ ልብሱን ኖራ ይነካብሻል ይለኛል፤ እኔ የመኪናዬን መርገጫ እረግጣለሁ። ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ለየላት ይላል። ኖራው ክንዴ አጠገብ ሲደርስ እንባዬ መጣ። የእልህ እንባ ነው፤ ለማንም አላሳየሁም።

ይኼኔ አባባ መጡ። ከአንተ ጋር የተጣሉት በዚያው ግድግዳ ምክንያት መሆኑን የማያውቅ የለም። አፈሯ ሳይደርቅ ሚስቴን የአላፊ አግዳሚ መመልከቻ አደረጋት ብለው ብሩሽህን የሰባበሩ፣ አንተ ጥለህ ከሄድክ ወዲህ ስምህን በአፋቸው አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ግድ ሲሆንባቸው ያ ሰውዬ ነው የሚሉህ። ስለዚህ ስሙኝማ ፊቱ በራ፤ እንኳን መጡልን፣ ልጅዎን ያንሡልን አላቸው። አባባ ከእንጨት ሥራ ቤታቸው ያመጡትን በርጩማ ከጎኔ አስቀምጠው ተቀመጡበት። ቀቢውን ቀና ብለው አዩትና፣ ባልዲህን አንሣ፣ ከዚህ ወዲህ የሰው ቤት ነው አሉት። ሰውየው ባልዲውን አነሣ። ስሙኝማም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙኝማ ሳይል ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ዞር ብዬ እማዬን አየኋት። በየቀኑ በአጠገቧ እያለፍኩ ለካ አይቻት አላውቅም። ጉንጯ ተሰነጣጥቋል፤ እጇን ዝናብ በልቶታል፤ ቀሚሷ ከግድግዳው መለየት አቅቶታል። ሻሿ ግን ሰማያዊ ነው። ትናንት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፣ አባባ የሰው መስኮት ሲቀቡ እንደሚያብረቀርቀው። ጠርዙም ያንተ እጅ አይደለም፤ ወፈር ብሎ ወደ ግንባሯ ትንሽ ፈስሷል። ይሄ ብቻ እንዴት ሳይለቅ ቀረ ብዬ ጠየቅኳቸው። በዚህ በኩል ዝናብ አይመታውም አሉኝና በርጩማቸውን አንሥተው ሄዱ። ያን ግድግዳ ታውቀዋለህ፤ ዝናብ የማይመታው ወገን የለውም።

ከኮሚቴው ጋር ገና አልጨረስኩም። ነጭ ያደረጉት ላይ እንግዶቻቸው ይስቀሉ፤ እማዬ ካለችበት ግን አንዲት ሚስማር አትመታም። ካልተስማሙ ጸሐፊነታቸውን እፊታቸው ላይ እጥልላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ስሙኝማ በዚያ የመድኃኒት አወሳሰድ በሚጽፍበት የማይነበብ እጅ ጽሑፉ ጥሪውን ይጻፍና ማን አንብቦ እንደሚመጣ አያለሁ። አንተንም ቢሆን ና ብዬ አልለምንህም። በሁለት አኩራፊ መካከል መኖር ሰልችቶኛል። አንዱ እዚያ ሆኖ አልጠሩኝም ይላል፣ አንዱ እዚህ ሆኖ ዝም ይላል፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ አረጀሁ።

ይህን ስጽፍ አባባ በበሩ ብቅ አሉና ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ይሄዳሉ ስል ቆሙ። አንድ ነገር ጠይቂልኝ አሉ። የግድግዳ ልስን ላይ ሲቀቡት በየዓመቱ የማይላላጥ ሰማያዊ ቀለም የትኛው ነው በይልኝ አሉ። ለማን ነው ብላቸው ለደንበኛ ነው አሉኝ። እኔ እስከማውቀው አባባ ከእንጨት በቀር ቀብተው አያውቁም።

መልሱን በደብዳቤ አልቀበልም። መጥተህ ንገራቸው።

ጤናውን ይስጥህ፣ መንገዱን ያቅናልህ፣ በሰላም ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ተቆጥታም የማትጨክንብህ
እህትህ