ለአንጆው ሽማግሌ ከወንበሬ ተነሳሁ

እሑድ፣ ሰኔ 8

ደክሞኛል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የቁስቋምን ዳገት በዝናብ ወጥቼ ወንበር ላይ ዘፍ እንዳልኩ፣ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ልጄ ዮናስ በቪዲዮ ደወለ።

ያለው ጃፓን፣ አንጆ የምትባል ከተማ ነው፤ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ከተማዋ ድሮ የገበሬ አገር ነበረች ይላል። ዛሬም ከፋብሪካው አጥር ማዶ ሩዝ ይዘራል። ቤት ያከራዩት ሽማግሌም ገበሬ ናቸው። ልጅ ስለሌላቸው በዕረፍት ቀኑ የሚያግዛቸው እሱ ነው።

"እማዬ፣ እርሻዬን ተረከበኝ እያሉኝ ነው። እዚሁ ልቅር እንዴ?" አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ሽማግሌው ስልኩ ላይ ብቅ አሉ። ከእርሻ መመለሳቸው ነው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። ታዲያ ትልቅ ሰው ጎንበስ ሲልልኝ ተቀምጬ ልየው? ተነስቼ እኔም ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ይባስ ዝቅ አሉ። እኔም ይበልጥ ዝቅ አልኩ። ማን ቀድሞ ቀና ይበል? ወገቤን ሲቆርጠኝ ቀና ብዬ ሳይ፣ ሽማግሌው በእጃቸው ጀርባ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

"ምን ሆኑ?" አልኩት።

"ልጅዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ እያሉ ነው።"

ኧረ እኔ የተነሳሁት ለሽምግልናቸው ነው! ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ዮናስ ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ።

ደህና ሁኑ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ልደውልለት እላለሁ፣ ደግሞ ምን ብዬ? ይኸው እርጥቡን ጫማዬን ገና አላወለቅኩም።