ትራክተሩ ለምን እንደዞረ ታውቂ ነበር

ይድረስ ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ፤

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። በቅድሚያ ከባድ ዜና አለኝ፤ ስሚ፣ እዚያ ላሉት ጎረቤቶችሽም አሰሚ፦ ቀይዋ ዶሮሽ እንቁላል መጣል በይፋ አቁማለች። ኮኪት ያለው ቤታችን አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ሰሊጡም ታጭዷል። አንቺን ግን ተቀይሜሻለሁ።

ጎተራሽ የፈረሰበትን ቀን አትረሺውም። የዚያን ከድንበር ማዶ የመጣ አሮጌ ትራክተር መሪ ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ትንሽ ወደ ፊት ነዳሁ፤ መሪውን አቀናሁ፤ የሄድኩትን ያህል ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሁሉን በልኩ መልሻለሁ። ትራክተሩ ግን አፍንጫውን ወደ ቀኝ አዙሮ ቀረ፤ ከኋላ ያለው ማረሻ ወደ ግራ ሄዶ ጎተራሽን ናደው። ጠጥተሃል አልሽኝ። እንዳልቀመስኩ ብምልም አላመንሽኝም። ድንጋይ ተሸክሜ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁሽ። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ በነዳሁ ቁጥር እጅሽን ዘርግተሽ አዲሱ ጎተራ ፊት ትቆሚ ነበር፤ ላሞቹ እንኳ ታዘቡኝ።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጃችን መቅደስ፣ ጎንደር ሒሳብ የምታጠናዋ፣ ለፈተና ስታነብ የምታነበው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሊ ብራኬት ይባላል አለችና እንዲህ አስረዳችኝ፦ በየቦታው ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ የሚነግርዎ ቀስት አለ እንበል፤ እሱ ቬክተር ፊልድ ነው። መሪ ማዞር አንዱ፣ መንዳት ሌላው። አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ ሄደው፣ በዚያው ተራ ቢመልሷቸው ከተነሱበት ላይደርሱ ይችላሉ፤ የምትቀረውን ክፍተት የሚነግርዎ ብራኬቱ ነው። አባባ፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ነድተው ከዚያ መሪውን ቢያቀኑ ኖሮ በራስዎ ዱካ ይመለሱ ነበር፤ ጎተራውን የጣለው ተራው ነው አለችኝ።

እልል ልል ስነሳ፣ ለእማማ እኮ ያኔ ነግሬያቸው ነበር አለች። ታመሽ አልጋ ላይ ሳለሽ ማለቷ ነው። ለእሱ እንዳትነግሪ ብለሽም አስምለሻታል። ሾርባ በማንኪያ ሳጠጣሽ፣ ሰካራም እንዳልነበርኩ እያወቅሽ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ሄድሽ። ጠላት እንኳ እንዲህ አይከዳም።

ምክንያትሽንም ነገረችኝ። ያጠፋ ሲመስለው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ተይው፣ በደህና ይግባልኝ ብለሻል አሉ። እስክከተልሽ ድረስ በዚህች ቃልሽ አስታውስሻለሁ።

ለሟች ውሸት አይጻፍምና ልናዘዝ፤ ይህችን የመጨረሻዋን ቃልሽን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። መቅደስን ምክንያቱን ስጠይቃት፣ አልነገሩኝም ነው ያለችኝ።