ሙዓዊያ ያልተረጎመልኝ

ሚያዝያ 21
ገበያ የለም። ሱቅ ቁጭ ብዬ ነጠላ ሳጥፍ ስዘረጋ ዋልኩ። ከዚያ በታክሲ ጳውሎስ፣ ወዳጄ ጽጌረዳ ቤት። ፈረንሳይኛ ልታስተምረኝ... በዚህ ዕድሜዬ! ምን ላድርግ? ልጄን አፍናንን ያጫት ሙዓዊያ የጅቡቲ ልጅ ነው። እሱስ እዚህ ስለተማረ አማርኛው ጥሩ ነው። እናቱ ሰልዋ ግን ፈረንሳይኛ እንጂ አማርኛ አትሰማም፤ ክረምት ላይ ትመጣለች። «እኔ አስተረጉማለሁ፣ አይጨነቁ» አለኝ። መረቅሁት። ቢሆንም...

ሚያዝያ 23
ጽጌረዳ የምታስተምረው በበዓል ነው። ዛሬ ፈረንሳዮች ነጭ አበባ ይሰጣጣሉ አለች። ሙጌ ይባላል። ሙጌ፣ ሙጌ ስል ዋልኩ። ሽሮ ሜዳ መጥቶ ሙጌ የሚጠይቀኝን ደንበኛ እየጠበቅሁ ነው።

ግንቦት 30
ተናደድኩ። «ጽጌ፣ የፋሲካ እንቁላላቸውን ተዪና ቤት፣ ትምህርት፣ በፊት፣ በኋላ የሚባለውን ንገሪኝ!» አኮረፈች፤ ግን ነገረችኝ። ሜዞን። ኤኮል። አቫን። አፕሬ። አፍናን በፋርማሲ ልትመረቅ አንድ ዓመት ይቀራታል። የኔ ጭንቀት እሱ ነው። ሠርጉ ይቀድም ይሆን?

ሐምሌ 7
ሰልዋ መጣች። የፈረንሳዮች ትልቁ በዓል ቀን! እንዲህ ያለ ዕድል... በር ላይ «ዥዋዩ ካቶርዝ ዥዊዬ!» አልኳት፤ መልካም በዓል ማለቴ ነው። ሙዓዊያ ኮርኒሱን አየ።
አፍናን ጓዳ ገብታ በሳቅ ፈረሰች። «እማ፣ ጅቡቲ እኮ ነፃ የወጣችው ከፈረንሳይ ነው! የነሱ በዓል ሰኔ ሃያ ነበር።»
ይኼን በዓል ጽጌረዳ ዘላዋለች።

ሐምሌ 9
የሠርጉ ወሬ ተነሣ። ሰልዋ ጣቷን እያወዛወዘች ብዙ ተናገረች። ሙዓዊያ፦ «እናቴ ቤታችሁን በጣም ወዳዋለች።»
ቤት ለመውደድ ይኼ ሁሉ ጣት? ሰምቻለሁ እኮ... ሴፕታምብር። ማርያዥ። ኤኮል ፊኒ። ሠርጉ መስከረም፣ ትምህርቱ አበቃ! አፍናንን አየኋት። ምንም አታውቅም።
«ምንድነው ያለችው?» አልኩት።
«እ... ማለቴ... ደስ ብሏታል።» ግንባሩ ላብ በላብ።
ወደ ሰልዋ ዞርኩ። «ኖን። ኤኮል አቫን። ማርያዥ አፕሬ።»
ሰዋስው የለውም። ግን ገባት። ልጇ ላይ ጮኸችበት፤ ያን ለመረዳት ትምህርት አላስፈለገኝም። ለካ ለሷም «እነአፍናን በመስከረሙ ተስማምተዋል» ብሏት ኖሯል! በኋላ ለአፍናን ራሱ አመነ። ሁላችንንም ለማስደሰት ነው አለ። አፍናን እስካሁን አላናገረችውም።

ሐምሌ 11
ሰልዋ ብቻዋን ሱቄ መጣች። ጋቢ እየዳሰሰች ቆየችና ደረቷን ነካ አደረገች። «ሙዋ ኦሲ። ኤኮል... ፊኒ።» እኔም፣ ማለቷ ነው። እሷንም ከትምህርት አውጥተው ነው የዳሯት? መጠየቅ ፈለግሁ፤ ቃል የለኝም። እጇን ያዝኩ። ከዚያ «ዳኮር» አለች። እሺ። «ማርያዥ አፕሬ።»
ደንበኛ ገብቶ ሁለት ሴቶች ሲያለቅሱ አየና ወጣ።

መስከረም 14
አፍናን ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ለልምምድ ሆስፒታል ወጣች። ሙዓዊያን ታርቃዋለች፣ ግን ሲያወራ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ደግ አደረገች።
ከሰዓት ሰልዋ ከጅቡቲ ደወለች። ለሱ አይደለም፣ ለኔ! ግማሹ አልገባኝም፤ እሷም የኔ ግማሹ አልገባትም መሰለኝ፣ ሳቀች። ሙዓዊያ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እጁን ዘረጋ።
ስልኩን አልሰጠሁትም።