በቀይ ክር የተሰፋው አርባ ሰባት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለኦርታንስ፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ያንን የከረመውን የኬቤክን ብርድ እንዴት ቻለው? ባለቤትሽን ፊርማንን ሳሉ ለቀቀው ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ያስለቀስኩሽን ነገር አስቀድሜ ላራግፈው። የአዳሪ ትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ሙሴ ቫርኒዬ ከበጋው ዕረፍት በኋላ እንዳልመለስ ነግረውኝ እንደነበር ጽፌልሽ ነበር። የአዳሪ ልጆቹን ቁጥር በየልብሳቸው ላይ ስሰፋ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሁን ግን ማኅተም ተገዛ፣ ቀለም ነክሮ መምታት ብቻ። «ዜሊ፣ ዘመኑ ሮጧል፤ አንቺ ገና የመርፌ ቀዳዳ ትፈልጊያለሽ» አሉኝ። ሥራዬ ከሄደ ከልብስ ክፍሉ በላይ ያለችው መኝታዬም መሄዷ ነው። በሃምሳ ዓመቴ የማን ደጅ ልጠና?

እንግዲህ ስሚኝ። ልጆቹ ለዕረፍት እንደሄዱ ከፓሪስ የፊልም ሰዎች መጡ። በታሪኩ አንድ አዳሪ ተማሪ በጸሎት ሰዓት ድራሹ ይጠፋል፤ ኮቱ ከጓሮው የውኃ ጉድጓድ ይወጣል፤ መርማሪው አንገትጌውን ገልብጦ ቁጥሩን ሲያነብ ምስጢሩ ይፈታል። የእኛኑ ኮት ተውሰው የልጁን ቁጥር፣ አርባ ሰባትን፣ በማኅተሙ መቱበት። ከውኃው ሲወጣ ግን «አይለቅም» የተባለለት ቀለም እንደ ዝንብ ኩስ ሆኖ አረፈው! ሦስት ኮት ነከሩ፤ ሦስቱም ያው። የፊልሙ አለቃ ባርኔጣውን ፈጥፍጦ «መርማሪዬ ምኑን ያንብብ? ጭቃውን?» ብሎ ጮኸ። አትክልተኛችን አንሴልም መቼም አፉ አያርፍም፤ «ዜሊን ባታባርሯት ኖሮ ቁጥሩም ባልጠፋችሁ» አለ፣ ዲሬክተሩ እየሰሙ።

«እኔ ልሞክረው ወይ?» አልኩ። አለቃው «እማማ፣ ይህ ከሆነልሽ እስምሻለሁ» አለኝ። ሁሉም ምሳ ሲበላ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ አንቺ እናታችን ቤት መስኮቱ ሥር የሰፋሁትን ደጋግመሽ እያስፈታሽ ባስተማርሽኝ በመስቀልኛ ስፌት፣ በቀይ ክር አርባ ሰባትን ሰፋሁ። የሰባት ቁጥሯንም እንዳንቺ ወገቧን በአግድም ስፌት አስታጠቅኋት። ኮቱ ጉድጓድ ገባ፣ ወጣ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ የለም። አለቃውም ቃሉን አክብሮ ሁለቱን ጉንጮቼን ሳመኝ፤ ጢሙ ትንባሆ ትንባሆ ይላል።

ሙሴ ቫርኒዬ እርጥቡን ኮት ተቀብለው ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። ኋላ «ልጆቹ ጥቅምት ላይ ይመለሳሉ፤ ስንት ጥቅል ክር ያስፈልግሻል?» አሉኝ። ይቅርታ ከአፋቸው አልወጣም፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ።

የፊልሙ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ያነሱትን በምግብ አዳራሹ አሳዩን፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ፣ እኔው በተኮስኩት አንሶላ ላይ። ፊልሙ ቀለም የለውምና ቀዩ ክር ጥቁር ሆኗል። ሰው ሁሉ የመርማሪውን ፊት ያያል፤ እኔ ያየሁት የአንቺን ሰባት ነው፤ ታጥቃ፣ ግድግዳውን ሞልታ። እታለም፣ ያን ጊዜ እያስፈታሽ ስታስለቅሺኝ ክፉ መስለሽኝ ነበር። ጣቶችሽን እግዜር ይባርክልኝ፤ ዛሬ ቤት ሆነውኛል።

ፊርማንን ሳሚልኝ፤ ማር እየላሰ ይተኛ። ለታላቁ ልጅሽ ለኦክታቭና ለሚስቱ ሰላምታዬ ይድረስ። ትንሿ የልጅ ልጅሽ ብላንሽ ስፌቷን ስታስፈቺባት ካኮረፈችሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላት።

እህትሽ ዜሊ
ኦርሌያን አጠገብ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1938